ቁጥርና ብዙ ቁጥር በሱዳን ዐረብኛ
(ወደ መተማ ለሚወርድ ጀማሪ)

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ መጨረሻው መተማ ዮሐንስ ነው። ከትንሹ ወንዝ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ገላባት ትባላለች። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቈሰሉበትና ሕይወታቸውን ያጡበት ስፍራ መሆኑን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ሰምተናል። ይሁን እንጂ መተማ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የገበያ በር ናት፤ ቆላው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያመርታል፤ ሁለቱም ሕዝብ እዚያ ሲሸጥና ሲለውጥ ኖሯል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ስደተኞች በዚሁ በር ገብተዋል።

ከመካከላችን በጤና፣ በማስተማር ወይም በሒሳብ ሥራ ወደዚያ የሚመደብ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ዐረብኛውን ሁሉ እስኪያውቅ ሥራው አይጠብቀውም፤ ቁጥሩን ግን በጥቂት ቀን ሊይዝ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ትምህርት የተዘጋጀው ለእርሱ ነው።

ሀ. ከአንድ እስከ ዐሥር

ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ፣ አርበዓ፣ ኸምሳ፣ ሲታ፣ ሰብዓ፣ ተማንያ፣ ቲስዓ፣ ዓሸራ።

ግዕዝ የቀመሰ ሰው እነዚህን ለመያዝ አይቸገርም። ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ኀምስቱ፣ ሰብዐቱ፣ ዐሠርቱ ብሎ የቈጠረ ሁሉ ዘመዳቸውን ያውቃል። የግዕዙ «ሠ» ወይም «ሰ» በሱዳኑ አነጋገር በአንዳንድ ቃል «ተ» ሆኖ ይገኛል፤ ሠለስቱ ተላታ፣ ሰመንቱ ተማንያ እንደ ሆነ ማለት ነው።

ለ. የዐሥር እጥፍ ወጥመድ

ዝምድናው ግን ራሱ ያሳስታል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው «ኸምሳ» ሲባል ሃምሳ፣ «አርበዓ» ሲባል አርባ፣ «ሰብዓ» ሲባል ሰባ፣ «ተማንያ» ሲባል ሰማንያ የተባለ ይመስለዋል። የተባለው ግን አምስት፣ አራት፣ ሰባትና ስምንት ነው። ሻጩ «ኸምሳ» ብሎ አምስት ከረጢት ቢያስረክብ፣ ጸሐፊው በመዝገብ 50 ቢጽፍ፣ አርባ አምስት ከረጢት የገባበት ጠፋ ማለት ነው። ጠቡ ሲነሣ ሻጩ ሌባ፣ ጸሐፊው አታላይ ይባላሉ፤ ከሁለቱ አንዱም ግን አልዋሸም።

ከዚህ የሚያድን ሕግ አለ። በዐረብኛ ከሃያ እስከ ዘጠና ያሉት ዐሥሮች ሁሉ መጨረሻቸው «ኢን» ነው፤ ዒሽሪን (20)፣ ተላቲን (30)፣ አርበዒን (40)፣ ኸምሲን (50)፣ ሲቲን (60)፣ ሰብዒን (70)፣ ተማኒን (80)፣ ቲስዒን (90)። እንግዲህ «ኢን» ካልሰማችሁ ቁጥሩን በዐሥር አታባዙ። መቶ «ሚያ» ነው። ሺህ «አልፍ» ይባላል፤ የእኛው «እልፍ» ግን ዐሥር ሺህ ስለሆነ እዚህም ላይ ያው የዐሥር እጥፍ ስሕተት ተደብቆ ይጠብቃል።

ሁለት አኃዝ ሲጣመር ትንሹ ይቀድማል። እኛ ሃያ አምስት የምንለውን እነርሱ «ኸምሳ ዉ ዒሽሪን»፣ ማለት «አምስትና ሃያ» ይሉታል። የሚጽፍ ሰው ቃሉ እስኪያልቅ እጁን መግታት አለበት።

ሐ. ሁለት ሲሆን

አማርኛ ነጠላና ብዙ ብቻ አለው፤ ዐረብኛ ግን በመካከላቸው ጥንድ ቁጥር ያስገባል። ለዚህም በስሙ መጨረሻ «ኤን» ይጨመራል። ዮም (ቀን) ዮሜን (ሁለት ቀን)፣ ቤት ቤቴን፣ ኪስ (ከረጢት) ኪሴን፣ ሐባ (የክኒን ፍሬ) ሐበቴን ይሆናል። ሁለት የሚለው ቃል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ለብቻው አይሰማም። ስለዚህ በክሊኒክ የሚሠራ ጓደኛችን እናቲቱ ለልጅዋ ስንት ክኒን እንደ ሰጠች ሲጠይቅ «ሐበቴን» ብትለው፣ ቁጥር አልነገረችኝም ብሎ አንድ እንዳይጽፍ ይጠንቀቅ። ሁለት መቶ «ሚቴን»፣ ሁለት ሺህ «አልፌን» የሚባለውም በዚሁ ሕግ ነው።

መ. ከሦስት በላይ

ብዙ ቁጥር በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በመጨረሻ ላይ በመጨመር ነው፤ ሙዓሊም (መምህር) ሙዓሊሚን፣ ሰያራ (መኪና) ሰያራት። ይህም ቅዱስ ብለን ቅዱሳን፣ ዓመት ብለን ዓመታት እንደምንለው ነው። ሁለተኛው የቃሉን ውስጥ በመለወጥ ነው፤ ቤት ቡዩት፣ ኪታብ (መጽሐፍ) ኩቱብ፣ ወለድ (ልጅ) አውላድ፣ ኪስ አክያስ። በግዕዝ ልብስ አልባስ፣ ቤት አብያት፣ ኮከብ ከዋክብት የሚለውን ያጠና ሰው ይህ አይገርመውም። ይሁን እንጂ የትኛው ቃል በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ከመገመት ነጠላውንና ብዙውን አብሮ መሸምደድ ይሻላል።

ከቁጥር ጋር ሲሆን ደግሞ እንዲህ ነው። ከሦስት እስከ ዐሥር ስሙ ብዙ ይሆናል፤ «ተላታ ኩቱብ» (ሦስት መጻሕፍት)። ከዐሥራ አንድ ጀምሮ ስሙ ወደ ነጠላ ይመለሳል፤ «ሒዳሸር ኪታብ» (ዐሥራ አንድ መጽሐፍ)። እኛ «ሦስት ቤት» ወይም «ሦስት ቤቶች» ብንል ሁለቱም ይሰማል። ሃንጋሪዎች ደግሞ ቤትን ሃዝ፣ ቤቶችን ሃዛክ ይላሉ፤ ቁጥር ከቀደመ ግን ምንጊዜም ነጠላ ነው፤ ሦስት ቤት «ሃሮም ሃዝ» ይባላል። ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ከተናገረ ስሙ ለምን ይድገመው? የሚል ሐሳብ ይመስላል። ዐረብኛ በትንሹ ቁጥር ይደግመዋል፣ በትልቁ ይተወዋል።

ሠ. ጽሕፈቱና ሚዛኑ

በሱዳን ደብተር ላይ የሚጻፈው አኃዝ እኛ ከምንጠቀምበት ይለያል። ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት። የእኛን ዜሮ የሚመስለው ክብ አምስት ነው። የእኛን 7 የሚመስለው ስድስት ነው። አፉን ወደ ላይ የከፈተው ባላ ሰባት፣ ወደ ታች የከፈተው ስምንት ነው። አንድና ዘጠኝ ከእኛው ጋር ይቀራረባሉ። ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ቢጻፍም አኃዙ እንደ እኛው ትልቁ በግራ ነው።

ሚዛኑም መጠየቅ አለበት። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የቃሉ ዘመድ የሆነው የሱዳኑ ቀንጣር በተለመደው አቈጣጠር 100 ረጥል፣ ማለት 45 ኪሎ ያህል ነው። ቁጥሩን በትክክል ሰምቶ መለኪያውን ያልጠየቀ ሰው ከግማሽ በላይ ሊከስር ይችላል።

ረ. መልመጃ

የሚከተሉት ስንት ናቸው? መልሱን ሳታዩ ሞክሩ።

1. ሰብዓ አክያስ 2. ሒዳሸር ኪስ 3. አርበዓ ዉ ሰብዒን 4. ዮሜን 5. አልፌን

መልስ፦ 1. ሰባት ከረጢት 2. ዐሥራ አንድ ከረጢት 3. ሰባ አራት 4. ሁለት ቀን 5. ሁለት ሺህ

ይህን የጨረሰ ሰው ዐረብኛ ዐወቀ አይባልም። ነገር ግን በመተማ ገበያ የተነገረውን ቁጥር ከመጻፉ በፊት በጣቱ አሳይቶ «ኸምሳ ወይስ ኸምሲን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ የሚቈጣ ነጋዴ የለም፤ ሒሳቡ እንዲስተካከል እርሱም ይፈልጋልና።