ስለ እሹሩሩ

ሕፃን ከመናገሩ አስቀድሞ ይሰማል። መስማትም የሚጀምረው ከተወለደ በኋላ አይደለም፤ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ በመጨረሻዎቹ ወራት ድምፅዋ ወደ እርሱ ይደርሳል። ዴካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መርማሪዎች በፈረንጅ አቈጣጠር በ1980 ያሳተሙት ምርመራ እንዲህ ነው። ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸውን ሕፃናት የጡጦ ጫፍ አጠቧቸው፤ ሕፃኑ ባንድ ዓይነት አጠባብ ሲጠባ የእናቱን ድምፅ፥ በሌላ ዓይነት ሲጠባ የሌላ ሴት ድምፅ ይሰማ ነበር። ሕፃናቱም የእናታቸውን ድምፅ የሚያመጣውን አጠባብ መረጡ። እንግዲህ እናት፦ ድምፄ ሸካራ ነው፥ ዜማም አላውቅም ብላ ዝም ማለት አይገባትም። ሕፃኑ የሚሻው የአዝማሪን ድምፅ አይደለም።

የኢትዮጵያ እናት ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ፥ ወዲያና ወዲህ እየተራመደች፥ በመዳፍዋ ቀስ አድርጋ መታ መታ እያደረገች እሹሩሩ ትላለች። የልጁን ስም፥ የአባቱን ስም፥ የላሚቱን ስም ሳይቀር እያገባች ቤት የሚመታ ቃል ትደረድራለች። ይህን ሥራ ከንቱ ጨዋታ አድርጎ የሚቈጥር ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዜማውና እንቅስቃሴው አንድ ላይ መሆናቸው ታላቅ ነገር አለበት።

በካናዳ አገር ፊሊፕስ ሲልቨርና ትሬይነር የተባሉ ሴቶች በ2005 የሰባት ወር ሕፃናትን መረመሩ። ጎልቶ የሚሰማ ምት የሌለበትን አንድ ዓይነት የከበሮ ድምፅ እያሰሙ፥ አንዱን ሕፃን በየሁለት ምቱ፥ ሌላውን በየሦስት ምቱ ብድግ ብድግ አደረጉት። ኋላም ምቱን አጉልተው በሁለቱም ዓይነት ባሰሟቸው ጊዜ፥ እያንዳንዱ አካሉ የለመደውን አብልጦ አደመጠ። ሌላ ሰው ሲንቀሳቀስ ተቀምጠው ያዩት ሕፃናት ግን እንዲህ አላደረጉም። ማኅሌት የሚቆም ደብተራ በዚህ ነገር አይደነቅም፤ መቋሚያውን ካላነሣና ካልጣለ ዜማው እንደማይሞላ ያውቃልና።

ለሚያለቅስ ሕፃን ደግሞ የጃፓን መርማሪዎች በ2022 የጻፉት ይጠቅማል። ሕፃኑን አቅፎ ሳይቆሙ አምስት ደቂቃ መራመድ ልቅሶውን ያበርዳል፥ ብዙ ጊዜም ያስተኛዋል። ወዲያው ቢያስተኙት ግን ይነቃል፤ ስለዚህ እንዳቀፉ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ተቀምጦ መቈየት ይሻላል። በችኰላ የሚያስቀምጥ ሰው ድካሙን ከመጀመሪያው ይደግመዋል።

ማወዛወዝና መነቅነቅ ግን አንድ አይደሉም። የሕፃን ራስ ከባድ፥ አንገቱም ደካማ ነው። በቍጣ የተነቀነቀ ሕፃን አንጎሉ ይደማል፤ ዓይኑ ሊታወር፥ ሊሞትም ይችላል። እንቅልፍ አጥታ ትዕግሥትዋ ያለቀባት እናት ልጁን አደጋ በሌለበት ስፍራ በጀርባው አስተኝታ ጥቂት ፈቀቅ ትበል፥ ጎረቤትም ትጥራ። ጥቂት ጊዜ ማልቀሱ አይጎዳውም። አባትም፦ ይህ የሴት ሥራ ነው ብሎ እንዲህ ባለ ሌሊት ጀርባውን ቢያዞር ነውር ነው፤ የእርሱም ጀርባ ማዘል ይችላል።

አንቀልባውም ልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ምክር፥ ሕፃን በጀርባም ቢሆን በጋሪም ባንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ታስሮ እንዳይቈይ፥ ዓመት ያልሞላው ሕፃንም የስልክና የቴሌቪዥን ሥዕል እንዳያይ ይላል። የስልኩ ዘፈን ሕፃኑ ቢስቅም ባይስቅም ያልፋል፤ እናት ግን ግጥምዋን አቋርጣ ሕፃኑ «እእ» እስኪል ትጠብቀዋለች፥ እንዳለም ትመልስለታለች። ከአንቀልባው ሲወርድ በንጹሕ ምንጣፍ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፥ በፊቱ ተቀምጦ እያጨበጨቡ መዝፈን ነው፤ ራሱን ቀና አድርጎ የሚያጨበጭበውን እጅ ይፈልጋል።