የመምህሩ አሥር ደቂቃ
(ለጥናት ክበብ ውይይት የቀረበ)

ባለፈው ስብሰባችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ይኸውም፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ፣ ያለ ክፍያ የሚገለበጥና የሚሻሻል ትምህርታዊ ሶፍትዌር ይህን ያህል ካለ መምህራን ስለምን አይጠቀሙበትም? የሚል ነው። ከመካከላችን «መምህራን አዲስ ነገር ይፈራሉ» ያሉ ነበሩ። አቅራቢው በዚህ አይስማማም። እንቅፋቱ ያለው ከመምህሩ ዘንድ ሳይሆን ከመሞከሪያው መንገድ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1982 እዚሁ ኩዌት ውስጥ መሐመድ አል-ሻሬኽ የተባሉ ሰው «ሰኽር»ን መሠረቱ። ኩባንያው በኤም.ኤስ.ኤክስ. ደረጃ የተሠሩ ኮምፒዩተሮችን ዐረብኛ እንዲችሉ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። ፕሮግራሙ ይመጣ ከነበረባቸው መንገዶች አንዱ ካርትሪጅ ነው። ካርትሪጁን ይሰኩታል፣ ማሽኑን ያበሩታል፣ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ካልወደዱት አጥፍቶ መንቀል ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለም። ፊደሉም የልጁ የራሱ ፊደል ነው። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ኩባንያው ወደ ካይሮ ተዛወረ፤ መሥራቹም በ2024 ዐረፉ። እርግጥ የሰኽር ሥራዎች የኩባንያው ንብረት ነበሩ እንጂ ክፍት አልነበሩም፤ ስሕተት ያገኘ መምህር አርሞ ለባልደረባው ሊያድል አይችልም ነበር። ይህን ነፃነት ያስገኘው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ያወጀው የጂ.ኤን.ዩ. ሥራና ከዚያ የተከተለው እንቅስቃሴ ነው። ይሁንና ነፃነቱ ሲመጣ የካርትሪጁ ቅለት አብሮ አልመጣም።

የአገራችንም ልምድ ሌላ ገጽ ያሳያል። ከ2004 ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ብዙዎቻችን ተምረንበታል። ትምህርቱ ከማዕከል በሳተላይት ይተላለፋል፤ መምህሩ ሊያቆመውም ሆነ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። ተማሪው ሳይገባው ሥዕሉ ያልፋል፣ መምህሩም ከተማሪው ጋር ቆሞ ይመለከታል። ሞክሮ የመምረጥም ሆነ የመተው ዕድል ያላገኘ መምህር መሣሪያውን የራሱ አያደርገውም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በሳልሚያ ዓርብ ዓርብ ለልጆች አማርኛ ለሚያስተምሩ አንዲት እኅት አንድ ፕሮግራም ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ እስኪሰበሰቡ ሩብ ሰዓት ያህል ነበረን። የተዋሱት ኮምፒዩተር መጀመሪያ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ ባለቤቱ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ቃሉ በስልክ ተገኘ፤ ቀጥሎ ከኢንተርኔት ተጨማሪ ፋይል ይውረድ አለ። በመጨረሻ ሲከፈት የአማርኛው ፊደል ባዶ ሣጥን ሆኖ ተደረደረ። «ወንድሜ፣ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው» አሉኝና ጠመኔያቸውን አነሡ። እውነት ነበራቸው። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ያላት ሰው የእኔን ሶፍትዌር ልትጠግን አልመጣችም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዛሬ የካርትሪጁን ቦታ ሊይዝ የሚችለው ፍላሽ ዲስክ ነው፤ ሐወሊ ካሉት የኮምፒዩተር ሱቆች በጥቂት ዲናር ይገኛል። ኖፒክስ የተባለው ሊኑክስ ከ2000 ጀምሮ በሲዲ፣ ለልጆች የተሠራው ሹገር ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በፍላሽ፣ ምንም ነገር ሳይጫን ኮምፒዩተርን ማስነሣት እንደሚቻል አሳይተዋል። የማሽኑ ሃርድ ዲስክ አይነካም፤ ፍላሹ ሲነቀል ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። አንድ እሾህ ግን አለው፤ ኮምፒዩተሩ ከፍላሽ እንዲነሣ የሚጫኑት ቁልፍ ከአምራች አምራች ይለያያል፣ አንዳንዱም ማሽን የደኅንነት ቅንብሩ ካልተለወጠ እሺ አይልም። ይህን ለመምህሩ መተው የይለፍ ቃሉን ችግር በሌላ ስም መመለስ ስለሆነ እኛው ሄደን ማዘጋጀት አለብን።

ስለ ፊደል ማመካኛ የለንም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ፎንቱን ከፍላሹ ጋር ማስቀመጥ የእኛ ሥራ ነው። በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ተሠርቶ በ2007 የወጣው ስክራች የአማርኛ ምርጫ አለው፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም አለው። በርካታ ስልኮች ላሉበት ክፍል ደግሞ ኮሊብሪ ይመቻል፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥና ሌሎቹ በዋይፋይ ከእሱ ያነባሉ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚበልጠው፣ አቅራቢው እንደሚያምነው፣ ሲከፈት የሚታየው የመጀመሪያው ገጽ ነው። እኛ ባዶ መስኮት ስናይ ደስ ይለናል፤ መምህር ግን በዚያው ሳምንት የሚያስተምረውን አንድ ትምህርት ተዘጋጅቶ ማየት ይሻል። «ለ»ን ሲነኩት ድምፁ የሚሰማበት አንድ የስክራች ገጽ ከሃያ ገጽ መግለጫ ይበልጣል።

ስለሆነም ለሚቀጥለው ወር ይህ ቀርቧል፤ ሦስት ፍላሾች ይዘጋጁ፣ ከእያንዳንዱም ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ይሁን፣ እንዴት እንደሚዘጋም ይጻፍበት። ለሦስት መምህራን ይሰጥ። የሚሰጠው አባል ከኋላ ይቀመጥ፣ እጁን ወደ ኮምፒዩተሩ አይስደድ፣ በሰዓት አሥር ደቂቃ ይቁጠር፣ መምህሩ የቆመበትንም ቦታ ጽፎ ይምጣ።