የሕፃናት ዳሌ ምርመራ፤ በጊዜው ስለ ማወቅ

በአንድ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ተመድበን በነበረበት ጊዜ አንዲት እናት ሁለት ዓመት የሞላትን ልጅዋን እጅዋን ይዛ ገባች። ልጅቱ ስትራመድ ወደ ግራ ጐንዋ ትዘነብላለች። እናቲቱም «መራመድ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ናት፤ ስታድግ ይተዋታል ብለውኝ ነበር» አለችን። በራጂ ሲታይ የግራ ጭንዋ አጥንት ራስ ከማረፊያው ወጥቶ ሽቅብ ሄዶአል። ካርድዋን ስንመለከት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ቀርባ ነበር። ሦስት ጊዜ ባለሙያ ፊት ቀርባ ሳለ ዳሌዋን የመረመረ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ድቡልቡል ሆኖ በዳሌ አጥንት ላይ ባለው ጎድጓዳ ማረፊያ ውስጥ ይሽከረከራል። በጨቅላ ሕፃን ይህ ማረፊያ ገና ያልጠና ለስላሳ አጥንት ነው። ኳሱ በስፍራው ሲኖር ማረፊያው የእርሱን ቅርጽ ተከትሎ እየጎደጎደ ያድጋል፤ ኳሱ የወጣ እንደ ሆነ ግን ማረፊያው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ሕፃኑን ስለማያመው አያለቅስም። ስለዚህ ይህ ሕመም ካልፈለጉት በቀር አይገኝም።

በይበልጥ የሚያሠጋውም ለሴቶች ልጆች፣ በማሕፀን ውስጥ በመቀመጫቸው ለተቀመጡ፣ ለበኵር ልጆችና በቤተሰባቸው ይኸው ሕመም ላለባቸው ነው። ከቀኙ ይልቅ የግራው ዳሌ ይበዛል።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ለዚህ ሥራ መሣሪያ አያስፈልግም። ኢጣሊያዊው የሕፃናት ሐኪም ማሪኖ ኦርቶላኒ እ.ኤ.አ. በ1937 አንዱን ዘዴ ገለጠ፤ እንግሊዛዊው ባርሎውም በ1962 ሁለተኛውን ጨመረበት።

ሕፃኑ ጠግቦ ፀጥ ባለበት ሰዓት ጨርቁ ተፈትቶ በጀርባው ይተኛል። የመርማሪው እጅ የሞቀ ይሁን። ዳሌዎቹ አንድ በአንድ ይመረመራሉ። አንደኛው እጅ ወገቡን ሲያጸና ሌላው የታጠፈውን ጉልበት ይይዛል፤ አውራ ጣት በጭኑ ውስጠኛ በኩል፣ መካከለኛው ጣት በውጭ ባለው የአጥንት ጉብታ ላይ ይሆናል።

በባርሎው ዘዴ ጭኑ ወደ መካከል ተመልሶ በቀስታ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያልጸና ኳስ ሸርተት ብሎ ይወጣል። በኦርቶላኒ ዘዴ ደግሞ ጭኑን ወደ ውጭ እየከፈቱ ጉብታውን በጣት ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ ወጥቶ የነበረው ኳስ ዱብ ብሎ ሲገባ በእጅ ይታወቃል። ቀጭን የቋ ድምፅ ብቻውን ምልክት አይደለም። በኀይል መግፋትም ጉዳት ያመጣል እንጂ አይጠቅምም።

ሁለትና ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ጡንቻዎቹ ስለሚጠነክሩ እነዚህ ምልክቶች ይጠፋሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ነገር እንመለከታለን፤ አንደኛ፥ የታጠፉት ጭኖች ሲከፈቱ አንደኛው እንደ ሌላው አልከፈት ማለቱን፤ ሁለተኛ፥ እግሮቹ ታጥፈው ሲቆሙ አንዱ ጉልበት ዝቅ ማለቱን። ነገር ግን ሁለቱም ዳሌዎች የወለቁ እንደ ሆነ ልዩነት ስለማይታይ ያታልላል። የጭን ቆዳ መስመሮች አለመመሳሰል በጤነኛ ልጅም ይገኛል።

የተገኘ እንደ ሆነ

ባርሎው እንደ ታዘበው፣ ሲወለዱ ዳሌያቸው ካልጸና ሕፃናት አብዛኞቹ በሁለት ወር ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። የትኛው እንደሚድን ግን አስቀድሞ አይታወቅምና ሁሉም መከታተል ይገባቸዋል። እስከ አራት ወር ገደማ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ በኋላ ራጂ ያስረዳል። ከስድስት ወር በፊት የተገኘ ብዙውን ጊዜ ጭኑን አጥፎና ከፍቶ በሚይዝ የፓቭሊክ ማሰሪያ ይስተካከላል። ያለፈ እንደ ሆነ በማደንዘዣ መልሶ በጀሶ ማሰር፣ ከዚያም አልፎ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ሳይታከም የቀረ ልጅ አንካሳ ሆኖ ያድጋል፤ በጐልማሳነቱም መገጣጠሚያው ተበልቶ ያመዋል።

ስለ አስተዛዘል

እናቶቻችን ልጅ ሲያዝሉ ጭኑ ተከፍቶ ጉልበቱ ስለሚታጠፍ ኳሱ በማረፊያው ይጸናል። ልጅ በሚታዘልባቸው አገሮች ሕመሙ ጥቂት ነው። በአንጻሩ ናቫሆ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሕፃኑን በሰሌዳ ላይ እግሩን ዘርግተው ያስሩ በነበረበት ዘመን ሕመሙ በብዛት ይታይ ነበር። በጃፓንም ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እናቶች የሕፃኑን እግር ዘርግተው እንዳይጠቀልሉ ከተማሩ ወዲህ የታማሚዎቹ ቍጥር በእጅጉ ቀንሶአል። ስለዚህ ማዘልን እናበረታታ፤ ጨርቅ ሲጠቀለል ግን እግር እንደ ልቡ እንዲታጠፍ እንምከር።

ጥቂት ነው ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ያች ልጅ አስተምራናለች። ነገ በየስፍራው የምንበተን እኛ ነን። ሕፃን ለክትባት በተፈታ ቍጥር ሁለት ደቂቃ ለዳሌው እንስጥ፤ ሕፃኑ ራሱ ሊነግረን አይችልምና።