የሎሚ ውሃና የአመድ ውሃ

መካኒሳ አቦ ማታ ማታ ፊደል በምናስቆጥርበት ቤት አንዲት እናት «ልጄ፣ ሎሚ ለምን ይኮመጥጣል? የአመድ ውሃስ ለምን ያሟልጫል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ትልቅ ነው። የዛሬው ትምህርታችን እሱ ይሁን።

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አሬራ ይኮመጥጣሉ። በውስጣቸው አሲድ የሚባል ነገር አለ። የእንጀራ ሊጥም እንዲሁ ነው። እርሾ ገብቶበት ሲሰነብት፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አሲድ ይሠሩበታል።

አመድ በውሃ በጥብጣችሁ ብታጠሉት ግን ውሃው እንደ ሳሙና በጣት መካከል ያሟልጫል። ይህ ቤዝ ይባላል። ኖራም ቤዝ ነው።

ታዲያ በምላስ እየቀመሳችሁ እንዳትለዩ! የመኪና ባትሪ አሲድ ሥጋ ያቃጥላል። የተቃጠለ ኖራም ዓይን ያጠፋል። ከነካችሁ ቶሎ በብዙ ውሃ ታጠቡ። ለመለየት ሌላ ዘዴ አለ። ወይን ጠጅ መልክ ያለውን ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ ቀቅሉ። ውሃውን በሁለት ብርጭቆ ቅዱ። በአንዱ ሎሚ ጨምቁ፤ ይቀላል። በሌላው የአመድ ውሃ ጨምሩ፤ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ሁለቱን ብትቀላቅሉስ? አሲዱና ቤዙ ይጠፋፋሉ። መጠናቸው ከተካከለ ውሃው ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል።

መለኪያው ፒኤች ይባላል። ቁጥሩ ከ0 እስከ 14 ነው። 7 መካከለኛ ነው። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ አሲድነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል።

አሁን ወደ ማሳ እንሂድ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው። በጎጃምና በወለጋ ደጋ ችግሩ የከፋ ነው። ዝናቡ እየሰረገ ካልሲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል። እንደ ዩሪያ ያለው ማዳበሪያም ሲደጋገም አሲዱን ይጨምራል። ፒኤቹ ከ5.5 ሲያንስ በአፈሩ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። ፎስፈረስም ታስሮ ይቀራል። ገበሬው በብድር ማዳበሪያ ገዝቶ ይበትናል፤ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ዕዳው አይቀጭጭም! የጓሮው ገብስ ለምን ለመለመ? ለዘመናት አመድና ፍግ ስለተደፋበት ነው። አባቶቻችን አሲድ የሚለውን ስም ባይሰሙም ሥራውን ያውቁታል።

መድኃኒቱ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ለዚሁ ሥራ ጉደርና ደጀን ላይ መፍጫ ተተክሏል። ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ሊያስፈልግ ይችላል። ማጓጓዣው ይከብዳል፣ አልዋሻችሁም። ነገር ግን በየዓመቱ አይደገምም። ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ይበተንና በማረሻ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ስትበትኑ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጉ።

ጎረቤት በተነ ብላችሁ ግን አትበትኑ። ከመካኒሳ ወደ አቃቂ ያለው ጥቁር መረሬ፣ ብዙውን ጊዜ ኖራ አይሻም። ኖራ ሲበዛም አዝመራ ይጎዳል። መጀመሪያ አፈሩ ይመርመር። ከማሳው ከአሥር ቦታ ያህል፣ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ አፈር ውሰዱ። በንጹሕ ባልዲ ደባልቁት። ከእሱ አንድ ኪሎ ያህል ለግብርና ባለሙያው ስጡ። አመድ ከተደፋበትና ከብት ካደረበት ቦታ አትውሰዱ።