የናቡቴ ርስትና የእኛ ፊርማ

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች



ስለ ጉቦና ስለ አድልዎ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ባለ ሥልጣኖችን ነው። የዛሬው ጥናታችን ግን ከባለ ሥልጣኑ አጠገብ ስለሚቆሙት፣ ይኸውም ስለሚጽፉት፣ ስለሚመሰክሩትና ስለሚፈርሙት ሰዎች ነው። ከመጀመራችሁ በፊት 1ኛ ነገሥት 21ን በሙሉ፣ 1ኛ ሳሙኤል 12፥1-5ንና 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥16-21ን በጸሎት አንብቡ።

1. ርስቱ የተወሰደው በወረቀት ነው

ንጉሡ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ስፍራ ፈለገው፤ ምትክ ቦታ ወይም ገንዘብ ሊሰጠውም ቃል ገባ። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት እንደማይሰጥ መለሰ። ይህን ያለው ግትር ስለሆነ አይደለም። በሙሴ ሕግ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ስለሆነች ለዘላለም አትሸጥም ነበር (ዘሌ. 25፥23)።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በጥንቃቄ ተመልከቱ። ቦታውን ለመንጠቅ ወታደር አልተላከም። ኤልዛቤል በአክዓብ ስም ደብዳቤ ጻፈች፤ በማኅተሙም አተመችው (ቁ. 8)። ደብዳቤው ለከተማይቱ ሽማግሌዎችና ታላላቅ ሰዎች ደረሰ። ጾም ታወጀ፤ ሸንጎ ተሰበሰበ። ሕጉ የሞት ፍርድ በአንድ ምስክር እንዳይፈጸም ስለሚያዝ (ዘዳ. 17፥6) ሁለት ምስክሮች ቀረቡ። ናቡቴም ተወግሮ ሞተ። 2ኛ ነገሥት 9፥26 እንደሚያስረዳን የልጆቹም ደም አብሮ ፈሰሰ፤ ስለዚህ ርስቱን የሚጠይቅ ወራሽ አልቀረም። መዝገቡን የመረመረ ሰው ቢኖር ሁሉ ነገር በሥርዓቱ የተፈጸመ ይመስለው ነበር።

በዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚያሳዝነው ቁጥር 11 ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ተጻፈላቸው አደረጉ ይላል። ናቡቴ የአገራቸው ሰው ነበር። ከወይኑ ቦታ አንድ ክንድ እንኳ እንደ ደረሳቸው አልተጻፈም። ከመካከላቸው «ይህ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰውም አልተጠቀሰም።

እግዚአብሔር ኤልያስን የላከው ግን ወደ አክዓብ ነው። አክዓብ ደብዳቤውን በእጁ አልጻፈም፤ ማኅተሙን ግን ለሌላ ሰው ትቶ፣ ውጤቱን ሊረከብ ወረደ። ስለዚህ ነቢዩ ገዳይም ወራሽም አድርጎ ከሰሰው (ቁ. 19)። «እኔ አላየሁም፣ ማኅተሙ ግን የእኔ ነው» ማለት በጌታ ፊት መልስ አይሆንም።

2. በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ አዲስ አበባን ከብበው ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ ከተሞች የምናገለግል ሁላችን የናቡቴን ታሪክ ስናነብ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አንሰማውም።

በአገራችን የገጠርም የከተማም መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብና የመንግሥት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። የከተማ ቦታ በሊዝ ይሰጣል፤ የሊዝ አዋጅ 721 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 455 ደግሞ ከእርሻው ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለውን የማፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው አሥር እጥፍ እንዲሆን አደረገ፤ ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1161 ተተክቷል።

እንግዲህ ፈተናው የሚገባበት በር ይህ ነው። ለገበሬው የሚከፈለው በጤፉና በስንዴው ገቢ ይሰላል፤ ያው ቦታ ተሸንሽኖ ካርታ ሲወጣለት የሚያወጣው ዋጋ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ደላላው፣ ለኪው፣ መዝጋቢውና ፈራሚው ይቆማሉ። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የመሬት አስተዳደር ለሙስና የተጋለጠ መሆኑን ገልጿል፤ ከጠቀሳቸው ምክንያቶችም ግልጽ አሠራርና የተሟላ ምዝገባ አለመኖር ይገኙበታል።

የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ከተሞች የሚያያይዘው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. እና እንደ ገና በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ ሲያስነሣ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ርስት የሚነካ ነገር ምን ያህል እንደሚያም ከዚህ እንማራለን። በሌላ በኩል ደግሞ ድሃው የቀን ሠራተኛ ከገበሬው በመንደር ውል ቦታ ገዝቶ «የጨረቃ ቤት» ይሠራል። ውሉን የሚጽፍለት አለ፤ ምስክር ሆኖ የሚፈርምለት አለ፤ «ምንም አይነካህም» ብሎ ገንዘቡን የሚቀበለውም አለ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ቆርቆሮውን የሰበሰበው ግን ያ ድሃ ነው።

ነቢዩ ሚክያስ በመኝታቸው ላይ ክፉ አስበው ሲነጋ እርሻንና ቤትን ስለሚወስዱ ሰዎች ወዮ ይላል (2፥1-2)። በምዕራፍ 3፥11 ደግሞ በጉቦ የሚፈርዱትን አለቆች፣ በዋጋ የሚያስተምሩትን ካህናትና በገንዘብ የሚያሟርቱትን ነቢያት በአንድነት ይወቅሳል። ቤተ እግዚአብሔርን ለይቶ አልተዋትም። እኛም ለጸሎት ቤት የሚሆን ቦታ ስንፈልግ «ለሻይ» የሚባለውን ሰጥተን እንደ ሆነ፣ በዚያ ቦታ ላይ ስለ ጽድቅ መስበክ እንዴት ይቻለናል?

3. ፍርድ ከእግዚአብሔር ቤት ይጀምራል

በእርዳታ ሥራ ያለን ሰዎች መሬት አናድልም፤ ስንዴ፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ግን እናድላለን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ለትግራይ የሚሄደው፣ በሰኔ ወር ደግሞ ለመላው አገሪቱ የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ እርዳታ ተቋረጠ። ምክንያቱ ለተራቡት የመጣው እህል ወደ ሌላ ቦታ መወሰዱና በገበያ መሸጡ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እርዳታ ይጠብቁ ነበር። በመላው አገሪቱ እንደ ገና መሰጠት የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ወደ ታኅሣሥ ገደማ ነው። ጥቂቶች በሰረቁት ብዙዎች ተራቡ።

ስለ ራሴም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የስንዴ እደላ ላይ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የመጣልኝን የስም ዝርዝር ተቀብዬ፣ ጣት እየተነከረ ሲፈረም በሙሉ ሳልቆም፣ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ፈረምሁ። ሲመሽ አንዲት አሮጊት እናት መጡ። መዝገቡን ገልጬ፣ «እማማ፣ እዚህ ላይ ፈርመዋል እኮ» አልኋቸው። እርሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ እስቲ እየው፤ ቀለም አለበት?» አሉኝ። ጣታቸው ንጹሕ ነበር። የእርሳቸውን ስንዴ ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በወረቀቱ ግርጌ የፈረመው ማን እንደ ሆነ ግን አውቃለሁ። በማግሥቱ ለኃላፊዎቼ ተናዘዝሁ፤ ድርሻቸውም ተተካላቸው። የኢይዝራኤልን ሽማግሌዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ባዕድ አላያቸውም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት ተጓዘ። ምክንያቱንም ሲገልጽ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሐዋርያ ምስክር ካስፈለገው፣ እኛማ እንዴት አያስፈልገንም? «ወንድሜን አምነዋለሁ» ብሎ ቆጠራን መተው ፍቅር አይደለም፤ ወንድምን ለፈተና መተው ነው። ይሁዳም ከረጢቱን የያዘው ከደቀ መዛሙርት መካከል ሆኖ ነበር (ዮሐ. 12፥6)።

4. ሲሻር የማይቆጨው ሰው

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ሳሙኤል ከፈራጅነቱ ሲሰናበት ሕዝቡን ሰብስቦ የማንን በሬ ወይም አህያ እንደ ወሰደ፣ ከማንስ ጉቦ እንደ ተቀበለ እንዲመሰክሩበት ጠየቀ። ማንም አልተገኘም። እርሱ የተሻረው ሳይበላ ነው፤ ግን አልተቆጨም። ሆኖም የገዛ ልጆቹ ጉቦ መቀበላቸውን መጽሐፍ አይሸሽግም (1ኛ ሳሙ. 8፥3)። እንግዲህ ቅንነት ከአባት የሚወረስ ርስት አይደለም፤ እያንዳንዱ በጌታ ጸጋ ይዞት ሊገኝ ይገባል። ነህምያም 12 ዓመት ገዥ ሆኖ ሳለ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ ምክንያቱም እግዚአብሔርን መፍራቱና የሕዝቡ ሸክም መክበዱ ነበር (ነህ. 5፥14-18)።

ለበደለ ሰውም መንገድ አለ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ በማታለል ከማንም የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃ. 19፥8)። ንስሐ እንባ ብቻ አይደለም፤ የተወሰደውን መመለስም ነው።

5. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ. ያላየነውንና ያልቆጠርነውን አንፈርም፤ ማኅተምም ለሌላ ሰው አንተው።
ለ. የተረጂዎች ስም ዝርዝር ከእደላው በፊት በሕዝብ ፊት ይነበብ።
ሐ. ገንዘብና እህል በሚቆጠርበት ጊዜ ዘመዳሞች ያልሆኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይገኙ።
መ. ለጸሎት ቤት ቦታ ስንጠይቅ፣ ቢዘገይም እንኳ በሕጋዊው መንገድ ብቻ እንሂድ።
ሠ. አልፈርምም በማለቱ ሥራውን ያጣ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ ጉባኤው ቤተሰቡን ይደግፍ። በጸሎት ብቻ አንሸኘው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከኢይዝራኤል ሽማግሌዎች አንዱ ብትሆኑ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ምን ታደርጉ ነበር? ምንስ ያስፈራችሁ ነበር?
2. በጉባኤያችሁ ወይም በፕሮጀክታችሁ በእምነት ብቻ የሚያዝና ምስክር የሌለው ገንዘብ ወይም ንብረት አለ?
3. ልንመልሰው የሚገባ፣ እስከ አሁን ያልመለስነው ነገር አለ?

ጌታ ሆይ፣ እጃችንን ከሐሰት ምስክርነት ጠብቅ፤ ድሃው በደጃችን ቆሞ ጣቱን ሲያሳየን የምናፍር አንሁን። አሜን።