ከሰል ማንደድና ወጥ መሥራት

በገጠር ትምህርት ቤት የምንመደብ እጩ መምህራን ራሳችን አብስለን መብላታችን አይቀርም፤ እሳቱን ከወዲሁ እንልመድ። እርጥብ እንጨት ዓይን ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም፤ ውኃው እስኪተን ሙቀቱን ይበላዋል። ከሰሉን በጭራሮ ለኩሰን እንቆይ፤ ድስቱ የሚጣደው ፍም ሆኖ ላዩ አመድ ሲለብስ ነው። ሽሮ ከሆነማ ፍሙን ቀነስ ነው፤ አለዚያ ሥሩ ያራል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከእራት በኋላ ነው። ብርድ ነው ብለን ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍላችን እንዳናስገባ! ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ 200 ጊዜ ያህል በላቀ ኃይል ይጣበቃል። ጭሱ አለቀ ማለት አየሩ ጠራ ማለት አይደለም። ራሱን የሚያመው ካለ ቶሎ ወደ ውጭ ይውጣ፤ የተኛ ሰው ግን ሕመሙ ሳይሰማው ሊሞት ስለሚችል ማንደጃው ውጭ ይደር።