ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ምክንያትንና ውጤትን በጽሑፍ ስለ መግለጽ

አንድን ነገር ስንለውጥ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሌላው ነገር እንደ ነበረ አይቆይም። ይህ እውነት በእጅ ሥራ ላይ እንደሚታይ ሁሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥም ይታያል። በዚህ ምዕራፍ በመጀመሪያ ስለ አንድ አሮጌ መኪናና ስለ አዲሱ ሞተሩ የተጻፈ ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎም ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላትን ታጠናላችሁ። በመጨረሻም የተማራችሁትን በሥራ ላይ አውላችሁ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ

ሞተሩ ሲበረታ

ቮልስዋገን የተባለው የጀርመን ኩባንያ በአገራችን መንገዶች ላይም ከምትታወቀው ከትንሿ ቮልስ ሌላ ሣጥን የሚመስል ሰፊ መኪና ሠርቷል። ሐሳቡ የመነጨው ቤን ፖን ከተባለ የኔዘርላንድ መኪና አስመጪ ሲሆን፥ ይህ ሰው በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ቀላል ንድፍ ነደፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1950፥ መኪናው በቮልፍስቡርግ ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ሞተሩ ከኋላ በመቀመጡ የመኪናው ሆድ ሰፊ ነበር። ስለዚህም ዌስትፋሊያ የተባለ ሌላ ኩባንያ ከ1951 ጀምሮ የመኝታና የማብሰያ ዕቃ እያዘጋጀለት መንገደኛ የሚያድርበት ተንቀሳቃሽ ቤት አደረገው።

ይሁን እንጂ ለሰፊው ሆድ የሚመጥን ጉልበት አልተሰጠውም። የመጀመሪያው ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። በ1967 የወጣው ሁለተኛው ዓይነት 47 ደረሰ። ሦስተኛው ዓይነት በ1979 ወጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ኩባንያው በአየር በሚቀዘቅዘው ሞተር ፈንታ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ገጠመለት። ይህም ሞተር እንደየዓይነቱ 60 ወይም 78 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ይህ ጉልበት ለሜዳ መንገድ ይበቃ ይሆናል። ለተራራ ግን ይበቃል ወይ? እስቲ እናስላው። አልጋውና ምድጃው ተገጥሞለት፥ ቤተሰቡ ከነጓዙ ሲሳፈርበት መኪናው 2,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ከፈለገ፥ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 36 ያህል የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል። ነፋሱን ለመግፋትና ጎማው እየተንከባለለ የሚባክነውን ኃይል ለመተካት ደግሞ ሌላ 10 ያህል ይጨመራል። ድምሩ 46 ነው። ባለ 60ው ሞተር ይህን የሚያሟላ ይመስላል። ነገር ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ደግሞ ነዳጁ በደንብ ስለማይቃጠል እንዲህ ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚቀረው 48 ብቻ ነው። ከዚህም ላይ በካምቢዮው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ለመንገዱ የሚተርፍ ነገር የለም። በኦስትሪያ የሚገኘው የግሮስግሎክነር የተራራ መንገድ 2,504 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚደርስ ብናስታውስ፥ ባለመኪናው ማርሽ እየቀነሰ፥ ከኋላው የመኪና ሰልፍ እያስከተለ ለምን እንደሚያዘግም እንረዳለን።

በዚህ ምክንያት ብዙ ባለቤቶች መኪናቸውን ሳይለቁ ሞተሩን ብቻ መለወጥ ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ ከሚመረጡት አንዱ ሱባሩ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ባለ 2.2 ሊትር ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ጉልበት 130 ያህል ነው። የተመረጠው ግን ስለ ጉልበቱ ብቻ አይደለም። እንደ ቀድሞው ሞተር ሁሉ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ጋደም ያሉ ናቸው፤ በውሃም ይቀዘቅዛል። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከአልጋው ወለል በታች ይገባል።

ይሁንና ሞተሩ መግባቱ ብቻ ሥራውን አይፈጽመውም። የሁለቱ ኩባንያዎች የቡሎን ቀዳዳ ስለማይገጥም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚያገናኝ ወፍራም ብረት ይገባል። የአዲሱ ሞተር የዘይት ገንዳ ጥልቅ በመሆኑ ወደ መሬት ይቀርባል፤ ድንጋይ እንዳይመታው በአጭር ገንዳ ይለወጣል። የበረታ ሞተር የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። ራዲያተሩ ከመኪናው ፊት፥ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ውሃው የሚመላለስበት ረጅም ቧንቧ ይፈተሻል፤ በውስጡም አየር ታምቆ እንዳይቀር የመኪናው አፍንጫ ከፍ ተደርጎ አየሩ ይወጣል። አዲሱ ሞተር በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚታዘዝ በመሆኑ የሽቦው ጥልፍልፍ አንድ በአንድ ተለይቶ ይቀጠላል። ካምቢዮውም ለቀድሞው ጉልበት የተሠራ እንደ ሆነ መዘንጋት የለበትም፤ አሽከርካሪው ነዳጁን ያለ ልክ ከረገጠ ጥርሶቹ ይበላሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ፍሬኑ ነው። ፍሬን የመኪናውን ሩጫ በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለውጣል። የሩጫው ኃይል ደግሞ ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ብቻ አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል እንጂ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ፍሬን ተይዞ በ40 ሜትር ውስጥ የሚቆም መኪና፥ በሰዓት 120 ሲሮጥ ለመቆም 90 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር የመቆሚያው ርቀት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ በተጨመረው 50 ሜትር ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ሊኖር ይችላል። ሞተሩ መኪናውን ቀድሞ ወደማይደርስበት ፍጥነት ካደረሰው፥ ፍሬኑም ቀድሞ ያልተጠየቀውን ይጠየቃል።

የፋብሪካውን የራሱን ታሪክ ብንመለከት በሁለተኛው ዓይነት መኪና ላይ የዲስክ ፍሬን በፊት ጎማዎች የተገጠመው በ1970 የበጋ ወራት መጨረሻ ነው። 66 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1.7 ሊትር ሞተር የመጣው ደግሞ በዓመቱ፥ በ1971 ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ማቆሚያው፥ ኋላ መሮጫው መጣ።

በጀርመን አገር ሕጉም ይህንኑ ይጠይቃል። ሞተሩን የለወጠ ሰው መኪናውን ለተፈቀደለት መርማሪ አቅርቦ ለውጡን ካላስመዘገበ፥ መኪናው በመንገድ ላይ እንዲሄድ የተሰጠው ፈቃድ ዋጋ ያጣል። መርማሪውም ሞተሩን ብቻ አይመለከትም፤ ፍሬኑን፥ ጭሱንና ድምፁን ጭምር እንጂ። እንግዲህ አስተዋይ ባለመኪና “ስንት የፈረስ ጉልበት ልጨምር?” ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ “የትኛውን ጉልበት ማቆም እችላለሁ?” ብሎ ይጠይቃል።

ለ. የቃላት ፍች

ካምቢዮ፦ የሞተሩን ጉልበት በማርሽ እየመጠነ ወደ ጎማ የሚያደርስ የጥርሶች ሣጥን።
ሰበቃ፦ ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ የሚፈጠር እንቅስቃሴን የሚገታ ኃይል።
ካሬ፦ አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ውጤት።
መጠነ፦ በልክ አደረገ፤ ለካ።
ሳሳ፦ ቀጠነ፤ ውፍረቱ ወይም ብዛቱ ቀነሰ።

ሐ. ሰዋስው

1. “ስለ” ከግሥ ጋር ሲጣመር ምክንያትን ያስቀድማል፤ ውጤቱ በዋናው ዐረፍተ ነገር ይከተላል። ምሳሌ፦ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከአልጋው ወለል በታች ይገባል።

2. “ስለዚህ” በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ይገባል። የፊተኛው ምክንያት፥ የኋለኛው ውጤት ነው። ሁለቱን አያያዦች በአንድነት መጠቀም ስሕተት ነው። “ሞተሩ ደካማ ስለሆነ ስለዚህ ዳገቱን አልወጣም” አይባልም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል።

3. “ምክንያቱም” ውጤቱን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል። ምሳሌ፦ አየሩ ከቧንቧው መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም የታመቀ አየር የውሃውን ዝውውር ያግዳል።

4. “ከ” ወይም “ቢ” ሁኔታን ያመለክታል። ሊፈጸም ለሚችል ነገር፦ ፍሬኑ ከተጠናከረ አዲሱ ሞተር ይገጠማል። ሳይፈጸም ለቀረ ነገር ግን “ኖሮ” እና “ነበር” ይገባሉ፦ ፍሬኑ ተጠናክሮ ቢሆን ኖሮ መኪናው በጊዜ ይቆም ነበር። እዚህ ላይ አስተውሉ። በፊተኛው ክፍል “ኖሮ” ሲገባ የኋለኛው ግሥ “ይቆማል” መሆኑ ቀርቶ “ይቆም ነበር” ሆኗል። የዐረፍተ ነገሩን አንዱን ክፍል ለውጦ ሌላውን እንደ ነበረ መተው፥ ሞተር ለውጦ ፍሬንን እንደ መተው ነው።

5. ቅደም ተከተል ሁሉ ምክንያት አይደለም። ምንባቡ “የዲስክ ፍሬኑ ከተገጠመ በኋላ ባለ 1.7 ሊትሩ ሞተር መጣ” ብለን እንድንጽፍ ይፈቅድልናል። “የዲስክ ፍሬኑ ስለ ተገጠመ ሞተሩ መጣ” ብንል ግን ምንባቡ ያልነገረንን መጨመራችን ነው። “በኋላ” ጊዜን፥ “ስለ” ምክንያትን ይናገራሉ። ጸሐፊ “ስለ” ብሎ ከመጻፉ በፊት ማስረጃውን ይመርምር።

መ. መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ባለ 60 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር በሜዳ የማይቸገርበት፥ በከፍተኛ ተራራ ላይ የሚቸገርበት ምክንያት ምንድን ነው?
2. የሱባሩ ሞተር ከጉልበቱ ሌላ የተመረጠባቸውን ሁለት ምክንያቶች ጥቀሱ።
3. በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በ10 ሜትር ውስጥ የሚቆም መኪና፥ በሰዓት 80 ሲሮጥ በስንት ሜትር ይቆማል? አሠራሩን በቃላት ግለጹ።

ለ. የሚከተሉትን በተሰጠው አያያዥ አዋህዱ።
1. የዘይት ገንዳው ጥልቅ ነው። በአጭር ገንዳ ይለወጣል። (ስለ)
2. ባለመኪናው ለውጡን አላስመዘገበም። ፈቃዱ ዋጋ አጣ። (ኖሮ … ነበር)
3. ውሃው አልተዘዋወረም። አየር በቧንቧው ውስጥ ታምቋል። (ምክንያቱም)

ሠ. ድርሰት

በጀርመን አገር የሚኖሩ አንድ አጎት አሏችሁ እንበል። ከልጆቻቸው ጋር በክረምት ዕረፍት ተራራ ለመውጣት አስበው አሮጌውን የመኝታ መኪናቸውን ባለ 130 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሊያስገጥሙለት ነው። ነገር ግን “ገንዘቤ ለሞተሩ ብቻ ይበቃል፤ ፍሬኑን በሚመጣው ዓመት አያለሁ” ብለው ጽፈውላችኋል። እርስዎ እያላችሁ፥ አክብሮታችሁን ሳታጓድሉ፥ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ የሚያስረዳ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ።

ደብዳቤያችሁን በሚከተለው መንገድ አዘጋጁ። በመግቢያው ሰላምታ ካቀረባችሁ በኋላ የአጎታችሁን ፍላጎት ትክክለኛነት ተቀበሉ፤ የተናቀ ሰው ምክር አይሰማምና። በሐተታው ቢያንስ ሁለት ምክንያቶችን ከነቁጥሮቻቸው አስረዱ፤ ከክፍል ሐም ቢያንስ ሦስት አያያዦችን ተጠቀሙ። በመደምደሚያው “አይሆንም” ብቻ ብላችሁ አትተዉ። ገንዘባቸው ሳይጨምር ሊያደርጉት የሚችሉትን አንድ አማራጭ አቅርቡ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብዳቤውን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። “ስለ” ባላችሁበት ቦታ ሁሉ ቆም ብላችሁ “ይህ በእርግጥ ምክንያቱ ነውን?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አጎታችሁ የሚያምኑት የቃላቱን ብዛት አይተው ሳይሆን፥ አንዱ ሐሳብ ሌላውን መሸከሙን አይተው ነው።